በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሞኖፕሪንት የትኛው ሰሌዳ ይመረጣል?

ሞኖፕሪንት አንድ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ቀለም በስሱ ከተቀባ በኋላ፣ በቀለሙ ላይ ቅጠል፣ ክር፣ የተቆረጠ ወረቀት ወይም የጣት ጫፍ ምልክቱን እንዲተው ተደርጎ፣ ወረቀት ተደርቦበት የሚነሣ ኅትመት ነው። ከእንጨት ቅርጽ ወይም ከመዳብ ሰሌዳ ከሚወጣው ኅትመት የሚለየው ያንኑ ምስል መልሶ ማውጣት ስለማይቻል ነው። ሰሌዳው ላይ የቀረው ጥቂት ቀለም ሁለተኛና ደብዘዝ ያለ ቅጂ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ያ ቅጂ ከመጀመሪያው የተለየ ሌላ ሥራ ነው፤ አንዳንዴም ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ይህን ሥራ በቤት ውስጥ ለመሥራት ጄላቲን፣ ማለትም በትኩስ ውሃ ሟሟቶ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዱቄት፣ የተመረጠው ያለ ማተሚያ ማሽን ማተም ስለሚያስችል ነው። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ቅጠል አስቀምጦ ወረቀት የደረበ ሰው ቅጠሉ ወረቀቱን ከፍ ስለሚያደርገው በቅጠሉ ዙሪያ ነጭ ክፍተት ይቀርበታል። ጄላቲን ግን በመዳፍ ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ቅጠሉን ያስገባዋል፣ ወረቀቱም እስከ ቅጠሉ ጠርዝ ድረስ ቀለሙን ያገኘዋል። ቅጠሉ ተነሥቶ ሁለተኛ ወረቀት ሲደረብ ደግሞ የቅጠሉ ጅማቶች አንድ በአንድ ይታያሉ።

እዚህ የሚነጻጸሩት አራት ሰሌዳዎች ናቸው፤ በውሃ ብቻ የሚረጋ ጄላቲን፣ በውሃና በግሊሰሪን የሚረጋ ጄላቲን፣ ፋብሪካ ሠርቶ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ጄል፣ እንዲሁም ጄላቲን የሌለበት የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ሰሌዳ። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከዋጋ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዋጋ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፤ የሚታተምበት ክፍል ምን ያህል ይሞቃል? ሰሌዳውስ በወር ስንት ጊዜ ከመደርደሪያ ይወርዳል? የእነዚህ መልስ ሳይታወቅ የተገዛ ርካሽ ዕቃ ውሎ አድሮ ውድ ይሆናል።

በውሃ ብቻ የሚረጋው

ይህ ከሁሉም ቀላሉና ቶሎ የሚደርሰው ነው። 20 በ25 ሴንቲ ሜትር በሆነ የኬክ መጋገሪያ ትሪ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ለማርጋት 1 ሊትር ውሃና ከ75 እስከ 80 ግራም ዱቄት ጄላቲን ይበቃል። ጣፋጭ ምግብ ለማርጋት ከሚደረገው መጠን ብዙ እጥፍ መሆኑ አንዳንዶችን ያስደነግጣል፤ ሆኖም ለምግብ የታሰበው መጠን የቀለም መቀቢያው ሮለር ሲያልፍበት ይቀደዳል። ዱቄቱ መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተበትኖ ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲያብጥ ይተዋል፤ ከዚያ የቀረው ውሃ ትኩስ ሆኖ ይጨመርና አረፋ እንዳያወጣ በዝግታ ይማሰላል። ድብልቁን ማፍላት አያስፈልግም፤ ከፍተኛ ሙቀት የጄላቲኑን የመርጋት አቅም ያዳክማል።

ጠባዩን በተመለከተ ከአራቱም በጣም ለስላሳው ይህ ነው፤ የሻሽ ጨርቅ ክሮችንና የላባን ጭረቶች እንደ እርሱ አድርጎ የሚያወጣ የለም። ጉድለቱ ዕድሜው ነው። ጄላቲን ፕሮቲን ስለሆነ፣ ውሃውም ብዙ ስለሆነ፣ በክፍል ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸታል፣ ሻጋታም ያበቅላል። ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ በየጊዜው ግን ከጠርዙ እየደረቀና እየተሸበሸበ ይሄዳል። ስለዚህ የእጅ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር፣ ወይም ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ልጆችን ሰብስቦ ለሚያሳትም ሰው ተገቢ ነው። በየሳምንቱ ለሚያትም ሰው ግን አይመከርም፤ ጄላቲን ደጋግሞ መግዛት ግሊሰሪን አንድ ጊዜ ከመግዛት ይበልጥበታልና።

በግሊሰሪን የሚረጋው

ከቤት ሠራሾቹ መካከል እኔ የማስቀድመው ይህን ነው። ግሊሰሪን ውሃን ይዞ የማቆየት ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ሰሌዳው በአየር አይደርቅም፣ ባክቴሪያና ሻጋታም ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን ነፃ ውሃ በቀላሉ አያገኙም። በደንብ የተሠራ ሰሌዳ ያለ ፍሪጅ ተሸፍኖ ለወራት ይቆያል። አዲስ ግኝትም አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቢሮዎች ደብዳቤ ያባዙበት የነበረው ሄክቶግራፍ የተባለው መሣሪያ በትሪ ውስጥ የረጋ የጄላቲንና የግሊሰሪን ድብልቅ ነበር። ያን ጊዜ የተፈለገው አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ ማውጣት ሲሆን፣ ዛሬ ያው ድብልቅ የማይደገም ምስል ለማውጣት ይውላል።

በተመሳሳይ ትሪ ውስጥ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ሰሌዳ 375 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ 375 ሚሊ ሊትር ውሃና 85 ግራም ያህል ጄላቲን ይዘጋጃል። አሠራሩ ከቀደመው የሚለየው ዱቄቱ መጀመሪያ የሚገባው ቀዝቃዛው ግሊሰሪን ውስጥ በመሆኑ ነው፤ ግሊሰሪን ውስጥ ጄላቲን እንደ ውሃው እየተጓጎለ አያስቸግርም። ከዚያ ትኩሱ ውሃ ተጨምሮ ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ይማሰላል። ድብልቁ ትሪው ላይ ሲፈስ ወደ ላይ የሚወጡት የአየር አረፋዎች ወዲያውኑ መወገድ አለባቸው፤ የቆዩ አረፋዎች እያንዳንዱ ኅትመት ላይ ክብ ነጭ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ለዚህ የሚሻለው ዘዴ የጋዜጣ ቁራጭን በፈሳሹ ገጽ ላይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መጎተት ነው፤ አረፋው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል። ትሪው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ዝንባሌ ካለው ሰሌዳው በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው ስስ ሆኖ ይረጋል፤ ስለዚህ ከማፍሰስ በፊት ትሪው ላይ ጥቂት ውሃ አድርጎ ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት ይጠቅማል።

የዚህ ሰሌዳ ትልቁ ጥቅም ሲጎዳ መታደሱ ነው። ሲቀደድ፣ በመቀስ ጫፍ ሲወጋ ወይም ገጹ ሲሻክር በቢላ ተቆራርጦ ዕቃ ውስጥ ይደረግና በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ቀልጦ እንደገና ይፈስሳል። ቅርጹም እንደ ፈላጊው ነው፤ በሳህን የፈሰሰው ክብ ይሆናል፣ ከትልቁ ትሪ የወጣውም ለልጆች በትንንሹ ሊቆራረጥ ይችላል። የሚቀልጥበት ዕቃ ወደ ምግብ ማብሰያነት ባይመለስ ይመረጣል፤ ከቀለም ጋር የነካካ ድብልቅ ነው። የተረፈውን ፈሳሽም የዕቃ ማጠቢያ ቧንቧ ውስጥ ማፍሰስ አይገባም፤ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል።

ወጪው የሚከብደው ግሊሰሪኑ ላይ ነው። መድኃኒት ቤትና የውበት ዕቃ መደብሮች ለቆዳ ብለው የሚሸጡት በትንንሽ ጠርሙስ ስለሆነ፣ 375 ሚሊ ሊትር ለመሙላት ብዙ ጠርሙስ ይጠይቃል፤ ለሳሙናና ለቅባት ሠሪዎች ጥሬ ዕቃ በሚያቀርቡ ሱቆች በሊትር መጠየቅ ይሻላል። ከጽጌረዳ ውሃ ጋር ተደባልቆ የሚሸጥም ስላለ ንጹሕ ግሊሰሪን መሆኑን ከጽሑፉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ አሠራሮች ከግሊሰሪኑና ከውሃው ጋር 70 በመቶ የሆነ የመድኃኒት ቤት አልኮልም ይጨምራሉ፤ አልኮሉ ሻጋታን ቢከላከልም ትኩስ ድብልቅ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ተን ተቀጣጣይ ነው። በጋዝ ወይም በከሰል ምድጃ አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይህን አሠራር አልመክርም፤ ያለ አልኮልም ሰሌዳው በቂ ዕድሜ አለው።

ስለ ጄላቲኑ ምንጭ አንድ ነገር መባል አለበት። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሲሆን፣ በገበያ ላይ ካለው ብዙው ከአሳማ ወይም ከከብት የተሠራ ነው። ሊበላው ባይሆንም እንኳ የአሳማውን ቤቱ ማስገባት የማይፈልግ ሰው፣ እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ የከብት መሆኑ ወይም ሐላል መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ ይችላል። ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር አጋር ምትክ እንደሚሆን የሚነግሩ አሉ። በእርግጥ ከጄላቲን በጣም በላቀ ሙቀት ስለሚቀልጥ በሞቃት አገር ያጓጓል፤ ሆኖም የሚረጋው ተሰባሪ ሆኖ ነው፣ ውሃም ከውስጡ ያወጣል፣ ሮለር ሲደጋገምበትም ይፈረካከሳል።

ከፋብሪካ የሚመጣው

በጄሊ ፕሌት ስም የሚታወቀውና መሰሎቹ በስማቸው ምክንያት ጄላቲን ያለባቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከማዕድን ዘይትና ከሰው ሠራሽ ፖሊመር የተሠሩ ናቸው፣ የእንስሳት ተዋጽኦም የለባቸውም። አይሸቱም፣ አይሻግቱም፣ በክፍል ሙቀትም አይቀልጡም። መስታወት የመሰለ ግልጽነት ስላላቸው ንድፍ ከሥር አስቀምጦ በላዩ መከተል ይቻላል፤ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰሌዳ ግን ቢጫማ ነው፣ ከጊዜ በኋላም ቀለም እየጠጣ ይጠቁራል።

ከጥራት አንጻር በዚህኛውና በግሊሰሪኑ መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። ሁለቱ ኅትመቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ተመልካች የትኛው ከየትኛው እንደወጣ አይለይም። ልዩነቱ ገጹ እኩል መሆኑ፣ አረፋ አለመኖሩና ዝግጅት አለመጠየቁ ላይ ነው። ፎቶግራፍ ማስተላለፍ ለሚፈልግ ግን ፋብሪካው ይቀድማል። ይህ ዘዴ በሌዘር ማተሚያ የወጣን ወይም ከመጽሔት የተቆረጠን ምስል ስስ ቀለም ላይ ደፍቶ ማንሣት ነው፤ የምስሉ ጥቁር ክፍል ቀለሙን ሰሌዳው ላይ ይተወዋል፣ ነጩ ክፍል ያነሣዋል። የቀረው ከደረቀ በኋላ በሌላ ቀለም ይነሣል። ለዚህ ሥራ እኩልና ደረቅ ገጽ ያስፈልጋል፤ እርጥበት ያለው የውሃ ጄላቲን ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል።

ጉድለቱ ሲቀደድ በቤት ምድጃ ማቅለጥ አለመገባቱ ነው፤ ዘይት ስለሆነ በከፍተኛ ሙቀት ይጨሳል። አቀማመጡም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሲገዛ ይዞት በመጣው ለስላሳ ፕላስቲክ መካከል ጠፍጥፎ ይቀመጣል እንጂ ታጥፎ ወይም አረፋ ባለው ማሸጊያ ተጠቅልሎ አይቀመጥም፤ የነካው ነገር ሁሉ ቅርጹን ይተውበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። እንደዚያ ከሆነ ትልቁን ከማስመጣት መካከለኛውን ማስመጣት ይሻላል፤ ይህ ነገር ለሻንጣ ከመልኩ ይልቅ ይከብዳል።

መስታወትና ፕላስቲክ

ጄላቲን የማያስፈልገው ሰውም አለ። የሞኖታይፕ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ በቀለም ተሥሎ አንድ ጊዜ የሚታተም ምስል፣ ጅማሬ ከጣሊያናዊው ሠዓሊ ከጆቫኒ ቤኔዴቶ ካስቲሊዮኔ ጋር ይያያዛል፤ በ1640ዎቹ የሠራው በብረት ሰሌዳ ላይ ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ደጋም ከ1870ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሞኖታይፕ ሲያወጣ፣ ሰሌዳውን በጥቁር ቀለም ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ብርሃኑን በጨርቅና በጣት እየጠረገ ያወጣ ነበር። ዋናው ፍላጎቱ ሥዕል የሆነ፣ ማለትም በብሩሽ መሣልና በጨርቅ መጥረግ የሚፈልግ ሰው፣ ከአሮጌ የፎቶ ማቀፊያ የወጣ መስታወት ጠርዙን በፕላስተር ለብጦ ቢጠቀም ይበቃዋል። እርጥበት ያለው ወረቀትና ጀርባውን በማንኪያ ማሸት ግን የግድ ነው፤ በመዳፍ ብቻ ቀለሙ አይነሣም። ቅጠልና ጨርቅ ለማተም መስታወት አይሆንም። በአዲስ አበባው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት እንደሚሰጠው ዓይነት የኅትመት ትምህርት ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ግን በጠንካራ ሰሌዳ መለማመዱ ወደ ማተሚያ ማሽኑ ሲሄድ ይጠቅመዋል።

በቦታና በሁኔታ

አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ለሚኖር ሰው የክፍሉ ቅዝቃዜ ራሱ አጋዥ ነው፤ የግሊሰሪኑ ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ውሎ ቢያድር ቅርጹን አይለቅም፣ የውሃውም ቢሆን ለአንድ ቀን ሥራ ያለ ፍሪጅ ይጸናል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ጄላቲን ከ30 ዲግሪ ባለፈ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል፣ ወደ 35 ሲጠጋም ይቀልጣል፤ እዚያ የውሃውን ሰሌዳ መሞከር ድካም ነው፣ የግሊሰሪኑም በማለዳ ብቻ ይሠራበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ክፍላቸው በአየር ማቀዝቀዣ ስለሚቀዘቅዝ ማተም አይቸግራቸውም፤ የሚቸግረው ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ቤቱ ሲዘጋ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የፋብሪካው ሰሌዳ ዋጋውን ያወጣል። የትምህርት ቤት ክበብ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ 20 ልጅ ፊት የፋብሪካ ሰሌዳ ማቅረብ ስለማይቻል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ትሪ የግሊሰሪን ሰሌዳ ተቆርጦ ቢታደል ጥፍር የወጋው እንኳ ተመልሶ ይቀልጣል።

ቀለሙ ሰሌዳውን ይከተላል

ሰሌዳው ከተመረጠ በኋላ የቀለም ምርጫ ይጠባል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው አክሪሊክ የተባለውን፣ በውሃ የሚቀጥንና ሲደርቅ ውሃ የማይለቀውን ቀለም ነው፤ ለግሊሰሪኑም ለፋብሪካውም ይስማማል፣ ቶሎ ስለሚደርቅም በአንድ ወረቀት ላይ ቀለም በቀለም እየደራረቡ ማተም ያስችላል። ይኸው ፈጣንነቱ በበጋው ደረቅ አየር ጠላት ይሆናል፤ ቅጠል ሲደረደር ቀለሙ ሰሌዳው ላይ ደርቆ ይቀራል። መፍትሔው ቀለም ማብዛት አይደለም፤ የበዛ ቀለም ቅጠሉን አስምጦ ዝርዝሩን ያጠፋል። የቀለሙን መድረቅ የሚያዘገይ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ መጨመር ወይም ቅጠሉን አስቀድሞ ደርድሮ መዘጋጀት ይሻላል። ሰሌዳው ላይ ደርቆ የቀረውን ቀለም አዲስ ስስ ቀለም ቀብቶ በላዩ ወረቀት ሲጫን አብሮ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ ከታሰበው ኅትመት ይልቅ ይህ ያልታሰበው ያምራል።

ለሊኖ (ከተቀረጸ የሊኖሊየም ሰሌዳ ለሚወጣ) ኅትመት የሚሸጠው በውሃ የሚታጠብ ቀለም ከአክሪሊክ ዘግይቶ ይደርቃል፤ በሁሉም ሰሌዳ ላይ ይሠራል፣ ነገር ግን ብዙዎቹ ከደረቁ በኋላም ውሃ ሲነካቸው ስለሚለቁ መደራረብ አይመቻቸውም። ዘይት ቀለም ለመስታወቱ የተሻለው ነው፤ ማጽጃ ኬሚካሎቹ ግን የፋብሪካውን ጄል ስለሚጎዱ እዚያ ባይቀርብ ይሻላል። ለትምህርት ቤት የሚሸጠው የውሃ ቀለም ጄል ላይ እንደ ጤዛ እየተንጠባጠበ ይሰበሰባል፤ ልጆች ካልሆኑ በቀር በእርሱ መጀመር ተስፋ ያስቆርጣል።

ፊደል ለማተም የሚያስብ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። ኅትመት ግራና ቀኝ ይገለብጣል። የላቲን ፊደል ሲገለበጥ አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ወዲያው ይታያል፤ የእኛ ፊደል ግን ሲገለበጥ ሌላ ትክክለኛ ፊደል ሊሆን ይችላል። ግራ እግሩ ያጠረው «ባ» ተገልብጦ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ያጠረው «ቦ» ይመስላል፣ «ሳ» ደግሞ «ሶ»። ቃሉ ተለውጦ አንባቢም ሳያስተውል ሊያልፈው ይችላል። በግልጹ የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ጽሑፉን በስስ ወረቀት ጽፎ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ከሥር ማስቀመጥና ያንን መከተል ቀላሉ መንገድ ነው። በቤት ሠራሹ ላይ የሚያትም ግን ፊደሉን ከወረቀት ቆርጦ፣ ቁራጩን ገልብጦ ቀለሙ ላይ ቢያስቀምጥ ይቀናል።

ለቅጠል ደግሞ ዋንዛና ብሳና ጅማታቸው ከታች በኩል ጎላ ብሎ ስለሚታይ ከታችኛው ገጽ ሲታተሙ ጥሩ ይወጣሉ፤ ባሕር ዛፍ ሰም ስላለውና ለስላሳ ስለሆነ ዙሪያውን እንጂ ጅማቱን አይሰጥም። የሰፌድ ጀርባ ቀለሙ ላይ በቀስታ ተጫነ ማለት ሽመናው ዙሪያውን ተነበበ ማለት ነው፤ ብቻ ሹል የወጣ ስንደዶ እንዳይኖረው በእጅ ዳሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወረቀትን በተመለከተ ብዙ ማሰብ አያሻም። ለቢሮ የሚሸጠው 80 ግራም ወረቀት ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ቀለም በደንብ ያነሣል። ለግድግዳ ወይም ለፖስት ካርድ የሚሆነው ከ120 እስከ 160 ግራም የሆነ ለስላሳ የሥዕል ወረቀት ነው። ሻካራ የውሃ ቀለም ወረቀት ሳይረጥብ ጉድጓዶቹን ነጭ ይተዋል፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ደግሞ ሰሌዳው ላይ ተጣብቆ ሲነሣ ገጹን ሊልጥ ስለሚችል፣ በተለይ በውሃ ብቻ በረጋው ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ።